ሁለት ሲቀነስ

ማለዳ ዐሥራ ሁለት ስልኬ ያቃጭላል፤
ከነፋሱ ጀርባ አንድ ድምፅ እንዲህ ይላል፦
«ጣቢያ ሃያ ሦስት። ባሕሩ ስድስት ነው።»
ይዘጋል። ደኅና ዋል፣ ደኅና እደር የለው።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያወቅኋት፣
ከቶርስሃቭን ቢሮ በቁጥር የጻፍኋት፤
ሱንቫ ናት፦ ከፋሮ ደሴት፣ ከገደል አፋፍ ላይ
ቀን ከሌት ስምንቴ ወጥታ ባሕር የምታይ።

ባሕር በእኛ መዝገብ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ነው፤
ዜሮ ያሉት መስተዋት፣ ወፍ ፊቷን የምታየው።
ሦስት ሲሆን አረፋው እዚህም እዚያም ፈንጠር፣
ውሻ እንደ በተነው በግ፣ በተዳፋት ሣር።
ስድስት ላይ ይጠቁራል፤ ጀርባው ይሸነተራል፣
ከቤት ጣራ በልጦ አለት ላይ ይሰበራል።
ዘጠኝን ያየ የለም፤ ካየም አልተናገረ፣
ከሠንጠረዡ ግርጌ ቦታው ባዶ ቀረ።

ባለፈው በጋ ነው፤ ከጣቢያዋ ማዶ
ቢጫ ተንሳፋፊ ቆመ፣ በሰንሰለት ተጠምዶ።
ሆዱ ውስጥ ሚዛን አለው፤ እንቅልፍ አያውቅም፣
ከፍታን ሲለካ በጣት ስፋት አይስትም።
እሷ ስድስት ስትል እሱ አራት ይለኛል፤
አምስት ስትል ሦስት። ማንን ማመን ይሻለኛል?
መሣሪያው ነው አልን።
ባለሙያ ሄደ፤ ፈታው፣ ጨዉን አጠበ፣ ገጠመ።
አራት አለ ደግሞ፤ በቃሉ እንደ ቆመ።

አቧራ የለበሱ መዝገቦች አወረድኩ፣
ካለፉ መርከቦች ቃል ጋር አነጻጸርኩ።
ሁለት ይበልጣል ቁጥሯ። ሁለት። ሁልጊዜ ሁለት።
ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሳልቀጠር፣ እስከ አንድ የኅዳር ዕለት፤
ከዚያች ቀን በፊት ግን ያለችው በሙሉ
እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ነበር ትክክሉ።
በዚያች ጧት «አራት» ይላል።
የቀትሩ ሣጥን ባዶ ነው፤ የማታውም።
በማግሥቱ «ስድስት» ይላል፣ መርከብ አራት ያለውን።

ደብዳቤ ተጻፈ፤ እኔው ይዤው ሄድኩ፣
በሄይኒ ጀልባ ላይ በብርድ እየራድኩ።
«ቁጥሯ ልክ አይደለም» ብዬ ብጀምርለት
ፒፓውን አራግፎ ሳቀ፦ «አንተም ደረስክበት?
እኛ ሁለት እንቀንሳለን።
ልጆቻችን ከመደመር በፊት የሚማሩት እሱን ነው።
ብራንዱር ወንድሟ ነበር። ‹ስንት ነው?› አላት፣ በር ላይ ቆሞ።
አራት አለችው። አራትም ነበረ፤ ዓይኔ አይቶታል።
ግን ውሃ፣ አሳስቆ ነው የሚወስድ።
ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ራሷን ይቅር ትል ነበር፤
ልክ መሆኗ ነው ያልለቀቃት።»

ከገደሉ ጫፍ ቆማለች፤ አጭር፣ ሽበታም ሴት፣
የወንድ ሹራብ ያጠለቀች እስከ ጉልበት።
ለካ እኔ ባሕርን የማውቀው በእርሳስ ነው!
ከእግሬ ሥር ሲያጓራ ጉልበቴ ነው የዛለው።
«ስንት ይመስልሃል?» አለች፣ ዞራ ሳታየኝ።
ፈራ ተባ እያልኩ «አምስት» አልኩ፣ ጨው እየመታኝ።
«ሦስት ነው» አለች።
ገባች። ስልኩን አነሣች።
ከማዶ የሥራ ባልደረባዬ፣ በእኔ ወንበር፣ በእኔ እርሳስ፣ ይጠብቃል።
«ጣቢያ ሃያ ሦስት» ብላ ዝም አለች። እኔን አየችኝ።
«አምስት።»

ደብዳቤው ከኪሴ አልወጣም፤ ጨው ጠጥቶ ከብዷል።
ከታች ጀልባው ታስሮ ድንጋዩን ይፍቃል።
«ስንት አለች?» አለኝ ሄይኒ፣ ገመዱን እየፈታ።
«አምስት» አልኩት።
ሦስት ጣቱን አሳየኝ፤ ሞተሩን አስነሣ፤ ወጣን በዝምታ።